የጎረቤቱ ክፋይ

ጩጬ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ጩጬ ብላ የምትጠራት ታላቅ እህቷ ብቻ ናት፤ እሷም እዚያው ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ነርስ ነች። ሁለቱ አንድ ቤት ይኖራሉ።

ምድር ቤት ያለው ሰርቨር አንድ ማሽን ይሁን እንጂ ውስጡ ለአራት ተከፍሏል። እያንዳንዱ ክፋይ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ይሠራል። አንዱ የመድኃኒት ቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ ክፋይ ደግሞ የሕሙማኑን የልብ ምት ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ላለው ስክሪን ያደርሳል፤ ልብ ሲደክም ይጮኻል። ክፋዮቹን የሚያዘው ሶፍትዌር ግን የታወቀ ችግር አለበት። አንዱ ክፋይ ጠፍቶ ከተነሳ በኋላ የክፋዮቹ ስሞች ይዛነፉበትና ይህን አጥፋ ሲሉት ያንን ያጠፋል። አምራቹ ራሱ አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል። እሱን ለመጫን ማሽኑን በሙሉ ማቆም ስለሚያስፈልግ፣ አለቃዋ ዛሬ ነገ ሲሉ ከርመዋል። እስከዚያው ጩጬ መላ አበጅታ ነበር፤ ሶፍትዌሩን ዘግታ ስትከፍተው ስሞቹ ቦታቸውን ይይዛሉ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የመድኃኒት ቤቱ ክፋይ ደርቆ ቀረ። አጥፍታ አስነሳችው፤ ተመልሶ ደረቀ። ሶፍትዌሩን ልትዘጋ ስትል አለቃዋ ከኋላዋ ቆመው ነበር።

«ሰው ፀሐይ ላይ ተሰልፏል። አሁኑኑ አጥፊው» አሏት።

ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ ብትልም አልሰሟትም። አጠፋችው።

ላይ ፎቅ የነርሶቹ ስክሪን ጨለመ። እህቷ መጋረጃ ጋርዳ የአንዲት ሕመምተኛ ቁስል እያጠበች ነበር። ስትወጣ፣ ወዲያኛው አልጋ ላይ የተኙት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ትንፋሻቸው ቆሟል። ክንዷ እስኪዝል ደረታቸውን ተጫነች። አልተመለሱም። ሴት ልጃቸው ንጹሕ ፒጃማ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር።

ሞቱን እንዲያጣሩ የተመደቡት ሰዎች ነርሷ ጠረጴዛዋን ትታ ሄዳለች አሉ። የጩጬ አለቃም እሷን ለብቻ ጠርተው፣ ማሽኑ ተነስቷል፤ የጠየቀን የለም፤ አፍሽን ሰብስቢ ብለው መከሯት።

ቤት ስትደርስ እህቷ ዩኒፎርሟን እያሸች ነው።

«እትዬ፣ ስክሪኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የመድኃኒት ቤቱን አጥፋ ስለው ሶፍትዌሩ ተሳሳተ።»

እህቷ ከሳፋው ቀና አላለችም። «እንደሚሳሳት ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲያው ለእኔ አይደለም የምትነግሪው።»

ጩጬ በማግስቱ አጣሪዎቹ ፊት፣ የሟቹ ልጅ ባለችበት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረች። አለቃዋ አንገታቸውን ደፉ። ልጅቱ ስለ ሶፍትዌሩ ምንም አልጠየቀችም። አባቷ ሲያጣጥሩ ማንን እንደጠሩ ብቻ ነበር ማወቅ የፈለገችው። አጠገባቸው ግን ማንም አልነበረም።

ማስተካከያው በዚያው ሳምንት ተጫነ፤ ማሽኑ ግማሽ ቀን ቆሞ ሲውል ያጉረመረመ ሰው አልነበረም። አለቃዋ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ፤ ጩጬ ተባረረች። እህቷ ነፃ ብትባልም ወደ ጽኑ ሕሙማን አልመለስም ብላ ክትባት ክፍል ገባች። ማታ ማታ አንድ ገበታ ላይ ይቀርባሉ፤ ስለዚያ ቀን ግን አንስተው አያውቁም።