የሁለት ኪሎ ቡችላ

ይሄ የውሻ ምግብ ደግሞ የበግ፣ ያኛው የዶሮ፣ ቀዩ ከረጢት ለትናንሽ ዝርያ፣ ሰማያዊው ሆዱ ምግብ ለማይችል፣ ለማይችል ማለት የኛ ነው፣ ወይስ የኛ ይችላል፣ በሦስት ሳምንት ሦስት ዓይነት ምግብ ቀየርኩለት፣ ሦስቱንም ሳህኑ እስኪያበራ ልሶ ጨረሰ፣ ግን ጠብ አላለለትም፣ ጎድኑ ይቆጠራል፣ ትናንት የጫማዬን ማሰሪያ በላ። አንጀቴን በላው። ነገ ነው፣ ቡችላውን የሰጠችን ሴትዮ ነገ ጠዋት ትመጣለች፣ ኪሎ ካልጨመረ እወስደዋለሁ ብላለች በስልክ፣ እናንተ ጋ እንዲሞት አይደለም የሰጠኋችሁ፣ ልክ ነች፣ ምን ይመለስላታል።

ከሄደ ግን፣ እኔና ባለቤቴ በማን በኩል ልናወራ ነው?

ሃያ ሦስት ቀን። ቡችላው በመጣ በሁለተኛው ቀን፣ ሳላማክራት እኛ ጋ የሚኖረውን ወንድሟን ሌላ ቤት ፈልግ አልኩት፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ለእኔ ቃል የላትም፣ ለቡችላው ነው የምትነግረው፣ አንተ፣ ለዚያ ሰውዬ እራት ቀርቧል በለው፣ እኔም፣ ለእመቤቲቱ ጠግቤያለሁ በላት፣ እሱ መሀል ቆሞ ጭራውን ይቆላል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ የኛው ግን ነቅዟል፣ ፈርቻለሁ።

ጋሼ፣ ልርዳዎት፣ ይላል ባለሱቁ፣ ስንት ወሩ ነው፣ ሦስት ሊሞላው ነው፣ ስንት ይመዝናል፣ ሁለት ኪሎ እለዋለሁ፣ ፎቶውን አይቶ ይስቃል፣ ኧረ ጋሼ፣ ይሄን የሚያህል ነገር ሁለት ኪሎ አይሆንም፣ በደንብ መዝናችሁታል? ለእኔ! አሥራ ስድስት ዓመት እህል መጋዘን ሚዛን ላይ ለቆምኩት፣ ባለቤቴም እዚያው፣ በአንድ ሚዛን ነው የተዋወቅነው፣ ደሜ ይፈላል፣ አፌን ግን አልከፍትም፣ ምክንያቱም ባለሱቁ ፎቶውን አሁንም እያየ ነው።

ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፣ ዕለታዊው መጠን በእንስሳው የተጣራ ክብደት መሠረት ይወሰናል፣ የተጣራ፣ አዎ፣ አውቃለሁ፣ እሁድ እሁድ እሷ ትመዝነዋለች፣ ብቻውን አይቆምምና በቅርጫት አድርጋ፣ ቁጥሩን ፍሪጁ ላይ ትለጥፋለች፣ ሦስት፣ እኔ የቅርጫቱን አንድ ኪሎ እቀንሳለሁ፣ ሁለት፣ በሁለት ኪሎው ልክ እሰፍርለታለሁ፣ መጋዘንም እንደዚያ ነው፣ የመዘነ ከነዕቃው ይጽፋል፣ የተረከበ ዕቃውን ይቀንሳል፣ ሕጉ ነው፣ መጋዘን።

መጋዘን።

ለባለቤቴ እደውላለሁ፣ ታነሳለች፣ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ከኋላ ቡችላው ያለቅሳል፣ ለእሱ ንገሪው ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ እውጠዋለሁ፣ አንቺ፣ እላታለሁ፣ ቅርጫቱን ቀንሰሽ ነው የምትጽፊው?



ታዲያስ፣ ትላለች፣ ድምጿ ሻክሯል፣ ቤታችን መጋዘን ነው እንዴ፣ ከነቅርጫቱ የምጽፈው?

እኔም እቀንሳለሁ።

ወይኔ፣ ትላለች፣ ወይኔ፣ ርቦት ነው! አልነገርሽኝም ልላት ነው፣ አልጠየቅኩሽም፣ እላታለሁ፣ ፊቴ ይቃጠላል፣ እህል ስንመዝን ኖረን አንድ ፍጥረት አስራብን፣ ጥፋቱ የቁጥሩ ነው እንዳልል ቁጥሩማ ልክ ነበር፣ ወንድምሽንም አልጠየቅኩሽም፣ እላታለሁ፣ ይሄን ለማለት አልነበረም የደወልኩት፣ ወጣ። ባለሱቁ ሰማያዊውን ላውርድልዎት ይላል፣ በእጄ አይ እለዋለሁ፣ ምግቡስ ቤት አለ።

ስንት ልስጠው፣ ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ ለእኔ፣ በቀጥታ ለእኔ። አንድ ስኒ፣ በአንዴ አታብዢበት፣ ሆዱን ያመዋል፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላ። በስልኩ ውስጥ ከረጢቱ ይንኮሻኮሻል፣ ሳህኑ ወለሉ ላይ ይጮሃል፣ ነገ ሴትዮዋ ታምነን ይሆን፣ በአንድ ሌሊት ምን ይጨምራል፣ ምን እንላታለን፣ እየበላ ነው? እላታለሁ።

እየበላ ነው፣ ትላለች፣ ስልኩን አትዝጋው።