ወንዝ የተለቀቀበት ሽንኩርት

ሠራተኞቹ «እትዬ ስጋት» ይሉኛል። ከኋላዬ ነው የሚሉት፣ ግን እንድሰማ አድርገው። በሸዋ ሮቢት የአዲሱን የእናቶች ሆስፒታል ግንባታ የምቆጣጠር መሐንዲስ ነኝ፤ ሥራዬም ክፉ ክፉውን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ፌሮው ቢያጥርስ? አፈሩ ቢናድስ? ወንዙ ቢሞላስ? ፎርማኑ ደረጄ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ደግሞ ቀልድ አልወድም፣ በተለይ በዚያ ሙቀት። የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ቆላ ስወርድ መጀመሪያ የሚያልቀው ትዕግሥቴ ነው።

የመሠረቱን ጉድጓድ በበጋ ቆፍረን፣ ፌሮውን አስረን ጨርሰናል። የቀረው ኮንክሪት መሙላት ነው። ቦታው ከሮቢ ወንዝ ብዙም አይርቅም፤ ጎርፍ የሚመልስ የድንጋይ ግንብ በዕቅዱ ነበረ። በጀቱ ዘግይቶ ስለተለቀቀ ግን ግንቡ ገና ከጉልበት አላለፈም። የመንግሥት ሥራ እንዲህ ነው፤ ገንዘቡ ሲመጣ ወቅቱ ይሄዳል።

ሚያዝያ ላይ፣ ሙሌቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ እናቴ ከደብረ ሲና ደወለች። «መቅደስዬ፣ እዚህ በረዶ ቀላቅሎ እየወረደ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ውሃ ሆኗል» አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ሮቢት ላይ አንዲት ደመና የለችም። ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ፍየሎች መሐሉ ተኝተዋል። ተራራው ግን ከወገቡ በላይ ጠቁሯል። ደጋ የዘነበ ቆላ ለመድረስ ብዙ አይቆይም።

ሰዉን በሙሉ ከጉድጓዱ አስወጣሁ። ጉድጓዱን ግን ማን ያውጣው? ጎርፍ ከገባበት ፌሮው በደለል ይቀበራል፤ ጠርጎ እንደገና ለመሥራት ሌላ በጀት ይጠየቃል። ሌላ በጀት ተጠይቆላቸው ቆመው የቀሩ ሕንፃዎች አይቻለሁ፤ ውስጣቸው ዛፍ በቅሏል። ይኼኛውም ከቀረ፣ ምጥ የጠናባት የቆላ ሴት ሆስፒታል ፍለጋ የደብረ ብርሃንን ዳገት ስትወጣ ልትኖር ነው።

አንድ መላ ነበረ። ከእኛ በላይ ገበሬዎቹ ወንዙን የሚጠልፉበት ቦይ አለ። አፉን በኤክስካቫተር ብናሰፋው ጎርፉ ጉልበቱን እርሻ ላይ ይጥላል፤ ወይ የእትዬ ራቢዓ ማሾ ላይ፣ ወይ የጋሽ አብዱልሀኪም ሽንኩርት ላይ። ማሾው ገና ብቅ ማለቱ ነው፤ እንደገና ይዘራል። ሽንኩርቱ ደርሷል፤ ሊነቀል ጆንያው ሁሉ ዳር ላይ ተቆልሏል። ለእኔ ሒሳቡ ቀላል ነበር። «ወደ ማሾው ክፈተው» አልሁት የኤክስካቫተሩን ሾፌር ሙዐዊያን።

ሞተሩን አጠፋው። «የውሃ አባት ሳያዝ? እኔ አላደርገውም።»

ጮህሁበት። ወደ ደረጄ ዞርሁ፤ እሱም አንገቱን ደፋ። እዚህ አገር የመስኖ ውሃ በተራ ነው፤ ተራውን የሚሰጠው የውሃ አባት ነው። ያለ እሱ ቃል አንድ አካፋ አፈር ከቦይ አይነሣም፣ ጎርፍ እየመጣም ቢሆን። የዚያ ቦይ የውሃ አባት ደግሞ ራሳቸው ጋሽ አብዱልሀኪም ናቸው።

ሮጬ ሽንኩርታቸው ዳር አገኘኋቸው። ተራራውን እያዩ ነበር። የምፈልገውን ነገርኋቸው።

«ራቢዓ የለችም» አሉ። «ልጇን ምጥ ጠንቶባት ደብረ ብርሃን ይዛት ሄዳለች።»

«እንደውልላት።»

«ደወልሁ። አይሠራም።»

«ጋሼ፣ ማሾው እኮ ገና ቡቃያ ነው። ያንቱ ግን ደርሷል።»

«ብትኖር እሺ ትለኝ ነበር፤ አውቃታለሁ። ያልተጠየቀ ሰው መሬት ላይ ግን ውሃ ለቅቄ አላውቅም።»

አካፋቸውን አንሥተው ሄዱ። እንቢ ያሉኝ መስሎኝ ልለምናቸው ተከተልኋቸው። እሳቸው ግን ቦዩ አፍ ላይ ቆመው ለሙዐዊያ የገዛ እርሻቸውን በአካፋው አመለከቱት። «ቢስሚላህ በልና እዚህ ጋ ቁረጠው። ሰፋ አድርገህ» አሉት፣ በየሳምንቱ ውሃ ሲያካፍሉ በሚናገሩበት ድምፅ።

ሙዐዊያ ቆርጦ ማሽኑን ገና ከማውጣቱ መሬቱ በጫማዬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ፍየሎቹ ቀድመውን ወጥተዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያ ደረቅ አሸዋ ላይ፣ ቡናማ ግድግዳ ከመታጠፊያው ብቅ አለ፤ ግንድ ተሸክሟል፣ አለት ያንከባልላል። ውሃ አይመስልም፤ ምድር ተነሥታ የምትሄድ ነው የሚመስለው። ስጋት የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ መልኩን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ቦዩ አፍ ሲደርስ ያመነታ መሰለ። ከዚያ ግማሹ ዞረ። ወንዝ ሲታዘዝ አይቼ አላውቅም። ሽንኩርቱ ላይ መደብ በመደብ ተዘረጋ፣ ጆንያዎቹን እያነሣ ወሰዳቸው፤ ጩኸቱም እየበረደ ሄዶ ዝም አለ። የቀረው ጎርፍ ከጅምር ግንባችን አፍ ዝቅ ብሎ አለፈ። ጉድጓዱ ውስጥ ጠብታ አልገባም።

እኔ ወንዙን ትቼ ሰውየውን ነበር የማየው። የወራት ልፋታቸው ዓይናቸው እያየ ሲሄድ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ስለ ካሳ ላወራ አፌን ከፈትሁና አፈርሁ።

«ገባበት?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«አልገባበትም፣ ጋሼ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ማልቀሴን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ በሰዓቱ መጣ፤ ወደ ጉድጓዱ የወረደ ግን የለም። ደረጄ ራሱን እያከከ «እትዬ መቅደስ፣ ዛሬን እንኳ…» ብሎ የጋሽ አብዱልሀኪም እርሻ ላይ ወደተኛው ጭቃ አየ። አምስት ደቂቃ ላረፈደ ሰው የምጮኸው ሴትዮ ጫማዬን አውልቄ ቀድሜ ገባሁ። እስከ ጉልበታችን ሰምጠን ሽንኩርቱን በእጃችን እየዳበስን አወጣን። የተረፈው ከጠፋው ያንሳል። ሙሌቱ በአንድ ቀን ዘገየ፤ ዘገባው ላይ ምክንያቱን «ሽንኩርት» ብዬ ጻፍሁ።

ቀትር ላይ የጋሽ አብዱልሀኪም ስልክ ጠራ። ራቢዓ ነበረች። ጭቃ በጭቃ በሆነ እጃቸው ጆሯቸው ላይ ደገኑት።

«እንኳን አላህ በሰላም ገላገላት» አሉ። «ወንድ? ማሻአላህ። አዎ፣ ውሃ መጥቶ ነበር። ማሾሽ ደኅና ነው፣ አልነካውም።»

ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ ጭቃው ውስጥ ያጎነበስነውን ሁሉ አንድ ጊዜ ዞረው አዩን።

«የኔማ ዛሬ እየተለቀመ ነው» አሏት። «ሰዉ በዝቶልኛል።»