በምስክሮቹ ረድፍ

«ለእማዬ ከፊት ቦታ ይያዙልን፤ ብዙ መቆም አትችልም» ብዬ ለጉዞው አስተባባሪ ስደውል፣ «ምን ነካሽ! እሷንማ ሳትጠይቂኝም ከፊት ነው የማስቀምጣት» አለኝ። ደስታው በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። አመስግኜ ዘጋሁ። የገባው መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት በሀገረ ስብከታችን መንፈሳዊ ጉዞ፣ ኮረብታው ላይ ባለው የእመቤታችን መቅደስ፣ እማዬ ከሕሙማን ጋር ተሰልፋ ቅባት ተቀብላ ነበር። ከዚያ በፊት ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ሐኪም ቤት ሲያመላልሳት ከርሟል። ከጉዞው ከተመለስን በኋላ እብጠቱ እየሟሸሸ ሄደ። ከመድኃኒቱ ይሁን ከቅባቱ የጠየቀ ሰው የለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቁምስናችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነስታ መሰከረች፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «ምስክሯ» ይላት ጀመር። የሐኪም ክትትሉንም ተወችው። «ድኛለሁ ብዬ ደግሞ ምን ልሠራ ነው የምሄደው?» ትል ነበር።

ዘንድሮ ቀሚሷን ስቆልፍላት ብብቷ ሥር ሌላ እብጠት አየሁ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

ስለምናት ሰነበትኩ። በመጨረሻ ተስማማን፤ መጀመሪያ ቅባቱን ትቀበላለች፣ ከዚያ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። «ተቀብቼ ከሄድኩ እግዜር የላከኝ ያህል ነው» አለች። እኔም ይሁን አልኩ። መሄዷን እንጂ የሚልካትን አልመረጥኩም።

አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ተነሱ፣ ተነሱ! ምስክሯ መጣች! ሰማይ ቤት ያለ ወረፋ የምትገባው እሷ ናት፤ ብልጥ የሆነ ቀሚሷን ይያዝ!»

«አንቺን ይዤ ከሄድኩማ እኔንም ይመልሱኛል» አለች እማዬ። አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። እሷም ሳቀች፤ ቀኝ ክንዷን ግን ከጎኗ አላላቀቀችም።

መቅደሱ ፊት ወንበሮቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። በስተቀኝ ነጭ ሻርፕ ያደረጉት ሕሙማን ይቀመጣሉ፤ በስተግራ፣ ማይክራፎኑ አጠገብ፣ ሰማያዊ ያደረጉት ምስክሮች። ሕሙማኑ ከመቀባታቸው በፊት የዳኑት ይናገራሉ፣ እምነታቸው እንዲበረታ። አስተባባሪው እየሮጠ መጣና ሰማያዊ ሻርፕ እማዬ አንገት ላይ አደረገላት።

ወደ ጎን ሳብኩት። «ጋሼ፣ እኔ የጠየቅኩዎት ከሕሙማኑ ጋር እንዲያስቀምጡልኝ ነው። ተመልሶባታል።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የአባቴን ሬሳ ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ ነው። «የኔ ልጅ፣ ብፁዕ አባታችን ራሳቸው በስብከት አንስተዋታል እኮ። አሁን ከሕሙማኑ ጋር ባስቀምጣት ሰው ምን ይላል?»

«ታማለች ነው የምልዎት።»

«ፈተና ነው፤ ስትመሰክር ይለቃታል» ብሎኝ ሄደ።

እማዬ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብዬ «አውልቂውና እንሻገር፣ እዚያ ማዶ ባዶ ወንበር አለ» አልኳት። «ቆይ» አለችኝ። ተጠራች።

ማይክራፎኑን በግራ እጇ ይዛ ወደ ሕሙማኑ ረድፍ ዞረች። እውነቱን ልትናገር ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ፊት ለፊቷ ፀጉሯ የረገፈ ወጣት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣለች፤ የልጅቷ እናት ከኋላ ቆማ እማዬን አፍ አፏን ታያታለች።

«ታምሜ ነበር» አለች እማዬ። «እመቤቴ አማለደችኝ። ይኸው፣ ቆሜያለሁ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። የልጅቷ እናት አለቀሰች። ጳጳሱ ዘይቱን ይዘው ወደ ሕሙማኑ ሲያልፉ እማዬን ፈገግ ብለው አዩዋት፣ ራሳቸውንም ነቀነቁላት፤ አለፉ።

ስንመለስ ሌሎቹ ይዘምሩ ነበር። «ለምን?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ልጅቷን አላየሻትም? ምን ልበላት? ተመልሶ ይመጣል ልበላት?»

«ሐኪም ቤቱስ?»

«በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ? በየት በኩል ልግባ?» መስኮቱን ዘጋችና ዓይኗን ጨፈነች።

ሐኪም ቤት የሄድነው ክንዷ አብጦ ማንኪያ ማንሳት ሲያቅታት ነው። ካርድ ክፍል ያገኘናት ሴት የቁምስናችን ሰው ነበረች፤ ቀና ብላ ስታያት ፊቷ በራ። «ምስክሯ! ማንን ልትጠይቂ መጣሽ?»

«ጎረቤት ታሞብን» አለች እማዬ።

ካርዱን እኔ አወጣሁ። ሐኪሙ ካንሰሩ ወደ ሳንባዋ መዛመቱን ነገረን። በቀጣዩ ጉዞ ቁምስናችን ሌላ ምስክር ይዞ ሄደ።