የምሰሶዎቹ ቀዳዳ

በዊትላም ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከባሕሩ ትይዩ ባለው በረንዳ ላይ አሥራ ሁለት የብረት ምሰሶዎች ቆመው ነበር። ሁሉም በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ቀልጠው የተሠሩ፣ ውስጣቸው ባዶ፣ አናታቸው ላይ የባሕር ዛጎል የተቀረጸባቸው ናቸው። እያንዳንዱ ምሰሶ እግሩ ሥር አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረችው። እስከ መስከረም ድረስ አንዱም አልተሰነጠቀም።

በመስከረም አርክቴክቷ ኢሞጀን ጋርሳይድ ሕንጻውን ለማደስ መጥታ ቀዳዳዎቹን አየች። ጨው ያዘለው ነፋስ በዚያ እየገባ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል ብላ ገመተች። ገመተች እንጂ አልመረመረችም። የግንባታውን ሥራ የያዘውን ክላይቭ ኦርመሮድን ጠርታ "በሲሚንቶ ድፈናቸው" አለችው። እሱም "አይጦቹ ቤት አፈረስክብን ብለው ይከሱኛል" እያለ እየሳቀ ደፈናቸው።

ጥር ላይ ከባድ ውርጭ ወረደ። በረዶው በቀለጠ ማግስት የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ዶርከስ በረንዳው ላይ ወጡና ጮኹ። አምስት ምሰሶዎች ከታች ወደ ላይ ተሰንጥቀዋል።

ኢሞጀን ስትደርስ አሮጊቷ በቤት ጫማቸው ወጥተው ክላይቭ ላይ አፍጥጠውበታል።

"የግንባታ መወጣጫህን ስታፈርስ ብረቱን እየወረወርክ ነው የሰበርካቸው!"

"እትዬ ዶርከስ፣ እናቴ ትሙት አልነካኋቸውም!"

"እናትህንማ አውቃታለሁ፤ እዚህ ስትሠራ ያልሰበረችው ሳህን አልነበረም። ዕቃህን ሰብስብ!"

በዚያች ትንሽ ከተማ ዊትላም ያባረረውን ሌላ ሆቴል አይቀጥረውም። ክላይቭም ይህን ስለሚያውቅ ፊቱ አመድ መስሏል።

ኢሞጀን ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። አሸንዳው በየምሰሶው አናት ላይ ያበቃል። ግድግዳው ላይ አንድም የውሃ መውረጃ የለም። ይህን ሁሉ ሕንጻውን ስትለካ በገዛ እጇ ወረቀት ላይ ስላዋለች። ዝናቡ በምሰሶዎቹ ሆድ ወርዶ በቀዳዳዎቹ ይወጣ ኖሯል። መውጫውን ያስደፈነችው እሷ ናት፤ የታቆረው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ብረቱን ቀደደው።



"የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ እስቲ ንገሪው" አሉ ወይዘሮ ዶርከስ።

"መጀመሪያ... ልመርምረው" አለች። የሚመረመር ነገር እንዳልቀረ እያወቀች ነው ያለችው።

"ተባረኪ!" አለ ክላይቭ። "እሷ ትመርምረው። እሷ ያላየችውን አትናገርም።"

ምርቃቱ ከስድብ ከፋባት። ዓይኑን ማየት አቅቷት አንገቷን ደፋች። በመጨረሻ "መሰርሰሪያህን ስጠኝ" አለችውና ካልተሰነጠቁት ምሰሶዎች ወደ አንዱ ሄዳ ተንበረከከች። ድፍኑን ስትበሳው ዝገት የቀላቀለ ውሃ ፈንጥቆ ጉልበቷንና የወይዘሮዋን የቤት ጫማ አራሰ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የዝናብ ውሃ ነው። መውረጃው ይሄ ነበር። ክላይቭ ምንም አልሰበረም፤ ድፈን ያልኩት እኔ ነኝ።" ከተንበረከከችበት ቀና አለች። "ቅድም ልመርምረው ስልም አውቄው ነበር።"

ክላይቭ መሰርሰሪያውን ከእጇ ተቀበለ። ቢቆጣ ይቀላት ነበር።

"ስመርቅሽ እንኳ ብታስቆሚኝ ምን ነበረበት?" አለ ብቻ።

ወይዘሮ ዶርከስ የሚፈሰውን ውሃ ሲያዩ ቆዩ። "አባቴ ውርጭ በመጣ ቁጥር በነዚህ ቀዳዳዎች የፈላ ውሃ ይረጭ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ጉንዳን የሚገድል መስሎኝ እስቅበት ነበር። ለካ መውጫው በበረዶ እንዳይዘጋ ኖሯል።" ከዚያ ወደ ክላይቭ ሳይዞሩ "ዕቃህን መልሰው" አሉት።

ኢሞጀን ለጥገናው ስንጥቆቹን ልትለካ ሜትሯን አወጣች፤ ክላይቭ ጎንበስ ብሎ ጫፉን ያዘላት። ከአምስቱ ስንጥቆች አጭሩ ሠላሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ ዘጠና አንድ ሆነ።