በወረቀት የሚሠራው መኪና

የከተማችን እሳት አደጋ ጣቢያ መካኒክ ነኝ። ሁለት መኪና አለን። አንዱ ደህና ነው፤ የሌላው ሞተሩ ቢነሣም የውሃ ፓምፑ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። በወረቀት ግን ሁለቱም ይሠራሉ። የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ!

ታዲያ ምን ላድርግ? የነዳጅ በጀት ከላይኛው መንግሥት የሚመጣው በሚሠራ መኪና ልክ ነው። «ተበላሽቷል» ካልክ ነዳጁን ይቀንሱብሃል። አስጠግኑልን ስትል ደግሞ «ጥገና የከተማው ድርሻ ነው» ይሉሃል። ከተማው የሰበሰበውን ግብር ጠራርጎ ወደ ላይ ልኳል፣ ከየት ያምጣው? ጉድ እኮ ነው! እኛም የሞተውን መኪና ነዳጅ ለደህናው እንቀዳለታለን። በየሦስት ወሩ አለቃዬ ቅጹን ይዞ ይመጣና «በል እንግዲህ፣ ሙት አስነሣ» ይለኛል። እየሳቅኩ እፈርማለሁ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደህናው መኪና ከተማው ዳር የእንጨት መጋዘን እሳት ሊያጠፋ ወጣ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ተቃጠለ። ክው አልኩ። ታላቅ እህቴ፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ፣ እዚያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትሰፋው።

አለቃዬ ጎረቤት ከተማ ደወለ። «ኧረ ድረሱልን!»

«ከላይ የተላከልን ዝርዝር ሁለት የሚሠራ መኪና አላችሁ ይላል፤ አንዱ ጣቢያ ቆሟል ማለት ነው» አለ የወዲያኛው ሰውዬ። «መጀመሪያ የራሳችሁን አውጡ እንጂ። ያለ ፈቃድ ድንበር ብሻገር ነዳጁን ማን ይተካልኛል?»

እሱ ፈቃድ እስኪያገኝ መጠበቅ አላስቻለኝም። የሞተውን መኪና አስነሥቼ፣ ሳይረኑን እያስጮህኩ በረርኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ፤ ስደርስ አጨበጨቡልኝ። ቱቦውን ዘረጋሁ፣ ጠብታ የለም። በባልዲ ተረባረብን፣ ምን ዋጋ አለው! ጎረቤቶቻችን ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደረሱ።

አራት ሴቶች ሞቱ። እህቴ አንዷ ነች።

ከቀብር መልስ ባሏ እጄን ያዘኝ። ዓይኑ አባብጧል።

«አንተ እንኳ ቶሎ ደርሰህ ነበር» አለኝ። «ሴቶቹ ከመስኮቱ ሊዘሉ ሲሉ እህትህ ሳይረኑን ሰማች አሉ። ‹ወንድሜ መጣ፣ አትዝለሉ› ብላ ጎትታ መለሰቻቸው።»

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«አንዲቷ አልሰማ ብላት ዘለለች። እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች፤ እሷ ናት የነገረችኝ።»