ድፍን ቀይ

ሚሊዮን ካሜራውን ከሠራው ፋብሪካ የበለጠ ያውቀዋል፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። ከኢንተርኔት አውርዶ የጫነበት ሶፍትዌር ኃይለኛ ብርሃንና ጥላን በአንድ ፎቶ ያስማማል። ካሜራው ብርሃን ከሚቀበልባቸው መስመሮች ግማሾቹ ጨለማውን ያጎላሉ፣ ግማሾቹ ፀሐዩን ይችላሉ። ይህን መስማት ለማይፈልግ ሰው ሁሉ አስረድቷል፣ ሾላ ገበያ በርበሬ የምትሸጥለትን ሴትዮ ጨምሮ።

የካ ላይ አብራው ፎቶ ቤት የከፈተችው ሀይማኖት ግን፣ ብርሃን ሲበዛ ስክሪኑ ላይ የሚበራው ቀይ ማስጠንቀቂያ በአዲሱ አሠራር ምን ማለት እንደሆነ ፈትሾ እንደሆነ ጠየቀችው። ሚሊዮን ሳሎኑ ውስጥ የአንድ አምፖል ፎቶ አንስቶ ነበር። ስክሪኑ ቀላ፣ ፎቶው ደህና ወጣ። ከዚህ ታላቅ ጥናት ተነስቶ ማስጠንቀቂያው ውሸታም ነው ሲል ደመደመ።

ቅዳሜ ደንበኞቻቸውን ናዝራዊትንና እጮኛዋን ዘረሰናይን ፎቶ ሊያነሱ ይዘው እንጦጦ ወጡ። ናዝራዊት ራሷ በነጭ ክር የጠለፈችውን ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ከባህር ዛፉ ጥላ ወጥታ ፀሐይ ላይ ስትቆም ቀሚሷ ስክሪኑ ላይ ቲማቲም መሰለ። ሀይማኖት ብርሃኑን እንዲቀንስ ነገረችው። እሱም ማስጠንቀቂያ የተሠራው ለጀማሪ መሆኑን ገልጾላት፣ በጳጳስ እርጋታ ማንሳቱን ቀጠለ።

ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት የዘረሰናይ ጥቁር ሱፍ ስፌቱ ሳይቀር ይታያል። ከጎኑ ግን ፊትና እጅ ያላት ነጭ ወረቀት ቆማለች። ሚሊዮን ብርሃኑን ቢቀንሰው ነጩ ግራጫ ሆነ እንጂ ጥልፉ አልተመለሰም።

ናዝራዊት ፎቶውን ልታይ ስትመጣ፣ ሚሊዮን ይህ አዲስ ስታይል ነው ሊል አፉን ከፈተ። ሀይማኖት አየችው። ዘጋው።

ናዝራዊት ጥልፏን ስክሪኑ ላይ ፈለገች። «አያት ኮንዶሚኒየም መስኮት ስር ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔ እየፈዘዘ ነው የጠለፍኩት» አለች። «አንተ እንዴት ሳታየው ቀረህ?»

«ቀይ በርቶ ነበር» አለ ሚሊዮን አንገቱን ደፍቶ። «እያየሁ ነው ያለፍኩት።»

በማግስቱ ሀይማኖት ፎቶ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነጭ ነጠላ ሰቀለች። እሱ ብርሃኑን በየደረጃው እየጨመረ ሲያነሳ፣ እሷ ገና ያልተስተካከለውን የፎቶ ፋይል እየከፈተች ከማስጠንቀቂያው ጋር አነጻጸረች። ለካ ውሸታሙ እውነቱን ሲናገር ኖሯል። ቀዩ ስስ ሲሆን ከሁለቱ ወገን መስመሮች አንዱ ብቻ በብርሃን ተቃጥሏል፣ ፎቶው ይተርፋል። ድፍን ሲሆን ሁለቱም ነደዋል። ሳሎን ውስጥ ያየው ስሱን ነበር፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ድፍኑን። ልዩነቱን ለማየት ዓይን ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሚሊዮን ግን እውቀት ነበረው።

ናዝራዊት ተመልሳ እንጦጦ ለመውጣት የተስማማችው ስክሪኑን ሀይማኖት የምታይ ከሆነ ብቻ ነው።

«ድፍን ነው፤ ቀንስ» ትላለች ሀይማኖት። ይቀንሳል። «አሁንም ቀንስ።» ይቀንሳል። ዘረሰናይ ትዳር ይህን ይመስል ይሆን ብሎ እጮኛውን ሰረቅ አድርጎ አያት።

ቀዩ ሳሳና ሚሊዮን አነሳ። ሀይማኖት መኪናው ውስጥ ላፕቶፗን ከፍታ ፎቶውን ስታስተካክለው፣ ጥልፉ ክር በክር ወጣ። ናዝራዊት ጎንበስ ብላ አየችና ደረቷ ላይ አንዲት የተሳሳተች ስፌት በጣቷ አሳየች። ከእሷ በቀር ያወቃት ሰው አልነበረም። ሚሊዮን ላጥፋት ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀ።

«ተዋት» አለች ናዝራዊት። «እሷም ትታይ።»