የአዝመራው ልጆች ምላስ

በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ዳንግላ ገበያ ዳር፣ አንድ የቆርቆሮ በር ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «የተከበራችሁ የዳንግላ፣ የአዲስ ቅዳምና የኮሶበር ሕዝብ ሆይ፤ እስከ ዛሬ ድቡልቡል ሆኖ ሲያገለግላችሁ የኖረው የአዝመራው ሳሙና ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ አራት ማዕዘን እንደሚሆን ስንገልጽ ታላቅ ኩራት ይሰማናል።»

ጽሑፉ የባለፋብሪካው ታናሽ ልጅ የአበረ ነው። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሮ ሲመለስ ያመጣው አንዱ ነገር ማዕዘን ነበር። ሌላው የአመድ ውሃን እንዲተካ በጋሪ ተጭኖ የገባ አራት በርሜል ኮስቲክ ሶዳ ነው።

አያትየው ሳሙና የጀመሩት በአመድ ውሃና በበሬ ሞራ ነው። የአመዱ ውሃ መድረሱን የሚያውቁት በምላሳቸው ነበር፤ ጠብታ ቀምሰው ነከስ ካደረጋቸው «ደርሷል» ይላሉ። አባትየው አቶ አዝመራው ጋኑን በብረት ገንዳ ሲተኩ ምላሱን አልተኩትም። እንዲያውም ሕግ አደረጉት፤ ፋብሪካውን የሚመራ በሠራተኛ ፊት የሚቀምስ ነው። ያን ቅዳሜ መቅመሻውን ጭልፋ ለልጅ ሊያስረክቡ ነው።

ታላቁ ደጉ ሃያ ዓመት ሞራ ያቀለጠው ለዚያች ጭልፋ ብሎ ነው። አበረም የሚፈልገው እሷኑ ነው።

ሠራተኛው ገንዳውን ከቦ ቆመ። ሶዳው ውሃ ውስጥ ገብቶ ያለ እሳት ይፈላል።

«በርሜሉ ላይ ይሄ የራስ ቅል ምን ይሠራል?» አሉ አቶ አዝመራው።

«ከሥሩ ጽሑፍ አለው አባባ። ላንብበው?»

ጽሑፉ ሥጋ ይበላል፣ አፍ እንዳይነካ ይላል። አበረ ጉሮሮውን ጠርጎ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ አነበበው። ሠራተኛው አጨበጨበ። ግማሹ በአገውኛ የወለደችውን ማኅፀን መረቀ።

«ትርጉሙስ?» አለ ደጉ።

«በርታ ያለ ነው ይላል፣ አያ ደጉ። ከፈራህ እኔ ልቅመሰው።»

«እኔ ነኝ የምፈራ? ሂድና ማዕዘንህን ለካ።»

አባቱ ጠብታ ነበር የሚቀምሱት። ደጉ ግን ታናሹ እያየው ነውና ጭልፋውን ሞልቶ ጎረሰ።

«ደርሷል» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ደምና የተገፈፈ ነጭ ሥጋ ነው። ወደቀ፣ ተነሣ፣ የገዛ አፉን በጥፍሩ ይቦጭር ጀመር።

«ውሃ አምጡ» አለ አበረ። ይህን በአማርኛ ነው ያለው።

ደጉ ውሃውን አልጠበቀም። ወንድሙን አንገቱን አንቆ ፊቱን ከገንዳው ጠርዝ ጋር ሦስት ጊዜ አጋጨው፤ ጥርስ ረገፈ። ሊነክረው ሲል ስድስት ሰው ተረባርቦ ያዘው። በግብግቡ የአበረ ግራ እጅ እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ቆዳው እንደ ረጠበ እጅጌ ተንሸራተተ። የደጉ ሚስት ስሜነሽ የሳሙና መቁረጫውን ጣውላ አንሥታ የአበረ ትከሻ ላይ ሰበረችው።

ደጉን ጋሪ ላይ ጭነው ወደ ሐኪም ወሰዱት። የሚወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

አበረ እጁን ውሃ በርሜል ውስጥ ነክሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። አባቱ ጭልፋዋን ይዘው ፊቱ ቆሙ።

«ታውቅ ነበር?»

አበረ ደም ተፋና ደህናውን እጁን ዘረጋ።

«ጭልፋዋን ይስጡኝ።»

«ወንድምህ እኮ ነው። ለምን ዝም አልክ?»

«አልናገርም» አለ፤ «ለእርስዎም፣ ለማንም።»